ከሩቅ ሆነው ጎጃም ውስጥ ጀማሪ ድርጅትን መምከርና ገንዘብ ማስገባት፦ ደረጃ በደረጃ

«ደብረ ማርቆስ ያሉ የአክስቴ ልጆች ወተት ማቀነባበር ጀምረው ገንዘብ አስገባልን ይሉኛል፤ እኔ ያለሁት ውጭ አገር ነው፤ ምን ላድርግ?» «ባሕር ዳር ተምረው የጨረሱ ሦስት ልጆች ለገበሬ የሚሆን የስልክ መተግበሪያ ሠርተው አማካሪ ሁነን ብለውኛል፤ ከአዲስ አበባ ሆኜ ይቻለኛል?» ቃሉ ይለያይ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው። ደጋግሞ ስለሚደርሰኝ መልሱን እዚህ በአንድ ቦታ አስቀምጬዋለሁ።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ አንድ ነገር ያገለግላሉ፤ ከሩቅ ላለ ሰው ከገንዘቡ በፊት መዘርጋት ያለበት የመረጃው መንገድ ነው። ገንዘብ በደቂቃ ውስጥ ጎጃም ይደርሳል። «ማሽኑ ከተበላሸ ሁለት ሳምንት ሆነው» የሚለው ወሬ ግን እርስዎ ዘንድ እስኪደርስ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ፤ በተለይ 6ኛውን ደረጃ ከ5ኛው አያስቀድሙ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የድርጅቱ ሰነዶች ቅጂ፦ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባ፣ የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የመመሥረቻ ጽሑፍ፣ ሥራው የሚጠይቅ ከሆነ የብቃት ማረጋገጫ
• በድርጅቱ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ
• በቦታው የሚኖር፣ ከመሥራቾቹ ጋር ዝምድናም ንግድም የሌለው አንድ ተመልካች
• በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ
• የጽሑፍ ስምምነት፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ፣ እርስዎ መቅረብ ካልቻሉ ልዩ ውክልና
• ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ ተራ የጽሑፍ መልእክት የሚልክና የሚቀበል ስልክ በሁለቱም ወገን
• አጽዋማትንና በዓላትን የያዘ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር
• ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ኑሮዎን የማያናጋ ገንዘብ

ደረጃ 1፦ ስጦታ፣ ብድር ወይስ ድርሻ መሆኑን ይወስኑ

ይህን ሳይለዩ አንድ ብር እንኳ አይላኩ። በዘመዳሞች መካከል የሚፈጠረው ጠብ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይነሳል። ላኪው «ድርሻ አለኝ» ብሎ ያስባል፤ ተቀባዩ «ጋሼ ረዳኝ» ብሎ ያመሰግናል። ሥራው አትርፎ ሲያድግ ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ይሆንና መታረቂያ ይጠፋል።

ስጦታ ከሆነ ስጦታ መሆኑን በግልጽ ይናገሩ፤ የወር ሪፖርትም አይጠይቁበት። ብድር ከሆነ በጽሑፍ ይሁን፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በቃል ብቻ ለማስረዳት አይቻልም፤ ወለዱም በዓመት ከመቶ 12 ሊበልጥ አይችልም። ማበደርን መደበኛ ሥራ አድርጎ ለብዙ ሰው መስጠት ግን የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሌላ ሥራ ነው። ድርሻ ከሆነ ደግሞ የመመለሻ ቀን የለውም፤ ድርጅቱ ሲከስር አብረው ይከስራሉ።

ሥራው ገና ሐሳብ ብቻ ከሆነና ጠያቂው የሥጋ ዘመድዎ ከሆነ፣ ትንሽ ስጦታ ሰጥተው የመጀመሪያዎቹን ደንበኞች እስኪያገኝ መጠበቅ ይሻላል። ደንበኛ የሌለው ድርጅት ስንት እንደሚያወጣ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ስለ ድርሻ መነጋገሩ ያለ ጊዜው ነው።

ደረጃ 2፦ ሰነዱን፣ ደንበኛውንና ሰዎቹን ያጣሩ

ሰነዱ ቀላሉ ክፍል ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ተቀብለው በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢ-ትሬድ ገጽ ላይ የንግድ ፈቃዱን ይመልከቱ። ፈቃድ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይታደሳል፤ ጥር ላይ ያልታደሰ ፈቃድ ካዩ ምክንያቱን ይጠይቁ። የፈቃዱ መስክና የሚሠሩት ሥራ አንድ መሆኑንም ያረጋግጡ። የችርቻሮ ፈቃድ ይዞ በርበሬ እያስፈጨ የሚያሽግ ሰው ምርቱ ሱቅ ከደረሰ በኋላ ሊታገድበት ይችላል።

ልጆቹ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው የማምረቻ ሼድ ወስደው ከሆነ አዲስ ባለድርሻ መግባቱ የሼዱን ውል ይነካ እንደሆነ ከሰጣቸው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያስጠይቁ። የባንክ ወይም የብድርና ቁጠባ ዕዳ ካለባቸውም መጠኑንና ዋሱን ይወቁ። በቡድን ዋስትና ተበድረው ከሆነ የአንዱ አባል ዕዳ ለሁሉም ይተርፋል፤ የእርስዎም ገንዘብ ሳይታሰብ ዕዳ መክፈያ ይሆናል።

ደንበኛውን ማጣራት ከሁሉም ይበልጣል። የአምስት ደንበኞች ስልክ ተቀብለው ራስዎ ይደውሉ። «ልጆቹ ጥሩ ናቸው?» ብለው አይጠይቁ፤ በእኛ አገር የጎረቤትን ልጅ ለማያውቁት ሰው የሚያማ የለም። እንዲህ ይጠይቁ፦ «ባለፈው ሳምንት ምን ያህል ገዙ?» «እነርሱ ቢቀሩብዎት ከማን ይገዛሉ?» «የሚከፍሉት በእጅ ነው በዱቤ?» «የቀረብዎት ዕለት አለ?» እነዚህ በቁጥርና በቀን የሚመለሱ ስለሆኑ ይሉኝታ አይሸፍናቸውም።

ከዚያ ጥሬ ዕቃው ከየት ወረዳ፣ በየትኛው መንገድ፣ በማን መኪና እንደሚመጣ ይጠይቁ። የጤፍ ዱቄት የሚያሽግ ድርጅት ከቢቸና ወይም ከደጀን አካባቢ፣ በርበሬ የሚያሽግ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ፣ የቀርቀሃ ውጤት የሚሠራ ከእንጅባራ በኩል ሊያመጣ ይችላል። መልሱ «ከነጋዴ እንገዛለን» ብቻ ከሆነ ዋጋውን የሚወስነው ነጋዴው ነው ማለት ነው፤ ገበሬውን ወይም ማኅበሩን በስም የሚያውቅ መሥራች ግን የሥራውን ግማሽ ሠርቷል።

ሰዎቹን በተመለከተ ሦስት ነገር ይበቃል፦ እያንዳንዳቸው ከራሳቸው ምን ያህል አስገብተዋል? ሙሉ ጊዜያቸውን የሰጡት እነማን ናቸው? ያገቡ ከሆነ ባለቤታቸው ያውቃል ወይ? የመጨረሻው የግል ጉዳይ ቢመስልም በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት የጋራ ሊሆን ስለሚችል ኋላ ላይ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ነው።

ደረጃ 3፦ በቦታው የሚያይ ዓይን ያግኙ

ቪዲዮ የሚያሳየው ካሜራው የዞረበትን ብቻ ነው። ስለዚህ በወር አንድ ቀን በአካል ሄዶ የሚያይ ሰው ያስፈልግዎታል። ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ መምህር፣ በጡረታ ያለ የባንክ ሠራተኛ፣ ወይም በሌላ ዘርፍ ለረጅም ጊዜ የነገደ ሰው ይሆናል። ወንድምዎንና የእናትዎን ጎረቤት አይላኩ፤ ክፉ ወሬ ይዞ መመለስ ለእነርሱ ከባድ ነው።

ለድካሙ ይክፈሉት። በነፃ የሚሠራ ሰው ሥራ ሲበዛበት መጀመሪያ የሚያስቀረው የእርስዎን ጉብኝት ነው። የሚያየውንም ዘርዝረው ይስጡት፦

ሀ. መጋዘን ያለው ዕቃ ቆጠራ፣ መዝገቡ ላይ ካለው ጋር ሲነጻጸር
ለ. የሽያጭ ደረሰኞች ተከታታይ ቁጥር፣ የተዘለለ ካለ
ሐ. ማሽኑ በዚያ ሰዓት ይሠራ እንደሆነ
መ. በሥራ ላይ የተገኙት ሰዎች ቁጥር፣ ከደመወዝ መክፈያው ጋር ሲነጻጸር
ሠ. በዕለቱ በሩን አንኳኩቶ የገባ ደንበኛ

ስለዚህ ሰው ለመሥራቾቹ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ በስምምነቱም ውስጥ ይግባ። ተደብቆ የተላከ ሰው ሰላይ ይባላል፤ አንዴ ሰላይ ከተባለ ከዚያ ወዲያ የሚያሳዩት የተዘጋጀ ነገር ብቻ ይሆናል። ተመልካቹም ትእዛዝ የመስጠት መብት እንደሌለው ይወቅ፤ አይቶ ይጽፋል እንጂ አይወስንም።

ደረጃ 4፦ የገንዘቡን ዕድሜ በጎጃም ወራት ያስሉ

የገንዘብ ዕድሜ ማለት ባንክ ያለው ገንዘብ ስንት ወር እንደሚያቆይ ነው። ለምሳሌ አንድ የወተት ድርጅት ባንክ ውስጥ 360,000 ብር አለው፤ በወር 90,000 ያወጣል፣ 50,000 ያስገባል እንበል። በየወሩ 40,000 ይጎድለዋል፤ ስለዚህ ዘጠኝ ወር ይቆያል።

ይህ ስሌት ግን ጾሙን ረስቷል። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ጎጃም ውስጥ ወተትና እርጎ የሚገዛው ሰው እጅግ ይቀንሳል። ላሟ ግን ጾም አታውቅም፤ ገበሬው በየጠዋቱ ወተቱን ይዞ ይመጣል፤ አንዴ ከመለሱት ደግሞ ለሌላ ሰው መስጠት ይለምዳል። ወጪው ሳይቀንስ ገቢው ለሁለት ወር ወደ 20,000 ከወረደ በእነዚያ ወራት የሚጎድለው 140,000 ይሆናል። የሚቀረው 220,000 ለአምስት ወር ተኩል ያህል ይበቃል። ዘጠኝ የነበረው ሰባት ተኩል ሆነ። የፍልሰታና የነቢያት ጾም ሲጨመሩበት ደግሞ ከዚህም ያጥራል። ስለዚህ ወተት የሚሠራ ድርጅት ገንዘብ ሲጠይቅዎት «በጾም ወተቱን ምን ታደርጉታላችሁ?» ብለው ይጀምሩ። «ቅቤ አውጥተን ለፋሲካ እናቆያለን፤ ለዚህም ይህን ያህል ማቀዝቀዣ አለን» የሚል መልስ ያለው መሥራች ሥራውን ያውቃል።

እህልና ቅመም የሚገዛ ድርጅት ሌላ ወቅት አለው። ምርት ተሰብስቦ ገበያ በሚወጣበት በታኅሣሥና በጥር ዋጋ ይረክሳል፤ በክረምት ይወደዳል። የእርስዎ ገንዘብ መድረስ ያለበት መግዣው ሲረክስ ነው። ሚያዝያ ላይ የደረሰ ያው ገንዘብ ያነሰ ኩንታል ይገዛል። የመስክ ሥራ ያለው ድርጅት ደግሞ ገበሬው እንደ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያምና 29 በዓለ ወልድ ባሉ ቀናት እንደማያርስ ይወቅ፤ ገበሬን ቤቱ አግኝቶ ለማነጋገር እነዚያ ቀናት ምቹ ናቸው፤ ሠርቶ ማሳያ ለማካሄድ ግን አይሆኑም።

የሶፍትዌር ድርጅት ከሆነ ይህ ሁሉ አይመለከተውም ማለት አይደለም። ደንበኛው ገበሬ ከሆነ የሚከፍለው ምርት ሲሸጥ ነው፤ በነሐሴ ወርኃዊ ክፍያ የሚጠብቅ ዕቅድ ከወዲሁ የተሳሳተ ነው።

ደረጃ 5፦ ሕጋዊ ቅርጹንና ስምምነቱን ያስይዙ

ድርሻ ለመያዝ ድርጅቱ ድርሻ ያለው ተቋም መሆን አለበት። በግለሰብ ስም በወጣ የንግድ ፈቃድ ውስጥ «20 ከመቶ አለኝ» ማለት አይቻልም። የተለመደው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፤ አባላቱ ከ50 አይበልጡም። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለ አንድ አባል ማኅበርንም ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ብቻዋን የጀመረች መሥራች አስቀድማ በዚህ ተመዝግባ እርስዎን በኋላ ልታስገባ ትችላለች።

አንድ ነገር ይመዝኑ፦ በሕግ የተቋቋመ ድርጅት ሽያጩ ትንሽ ቢሆንም የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ነው። የሒሳብ መዝገብ መያዝና ግብሩን እስከ ጥቅምት 30 ማስታወቅ ይኖርበታል፤ የትርፍ ግብሩም 30 ከመቶ ነው። ሕጋዊ ደረሰኝ የሌለው ወጪ ከትርፍ ላይ አይቀነስም፤ ያለ ደረሰኝ የገዛ ድርጅት ያላገኘውን ትርፍ ግብር ይከፍላል። የሒሳብ ባለሙያ ቅጥር በዕቅዱ ውስጥ ከሌለ ማኅበር ለማቋቋም ጊዜው ገና ነው።

የዜግነትዎ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። ኢትዮጵያዊ ዜጋ ከሆኑ ውጭ መኖርዎ አይከለክልዎትም። የሌላ አገር ዜግነት ይዘው ከሆነ ግን እንደ ውጭ ባለሀብት ሲታዩ በአዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 የአሜሪካ ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በጋራ ከሆነ 150,000 ዶላር ይጠየቃሉ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሰው ቢጫ ካርድ የሚለው፣ ካለዎት እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ይችላሉ። ገንዘብ ከመላክዎ በፊት መታወቂያውን ያውጡ።

እርስዎ ካልቀረቡ ወኪል ይፈርማል። ጠቅላላ ውክልና እዚህ አይበቃም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ካፒታል ለማስገባትና ለመታረቅ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። ውጭ ያለ ሰው ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይሰጣል፤ አገር ውስጥ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ቀድመው ይጀምሩት።

በስምምነቱ ውስጥ የሚከተሉት ይግቡ፦

• የድርሻው ስሌት። 300,000 ብር አስገብተው 20 ከመቶ ከወሰዱ ድርጅቱ ከገንዘብዎ ጋር 1,500,000፣ ያለ ገንዘብዎ 1,200,000 ብር ያወጣል ብላችሁ ተስማምታችኋል ማለት ነው። ሁለታችሁም ይህን ቁጥር በአፋችሁ ተናገሩት፤ ከፈራችሁት ስሌቱ ተሳስቷል።
• የመሥራቾቹ ድርሻ በጊዜ የሚጸና መሆኑ። ከሦስቱ አንዱ በአራተኛው ወር ትቶ ቢሄድ ሲሶውን ይዞ መሄድ የለበትም። ለምሳሌ ድርሻው በአራት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚጸና፣ በመጀመሪያው ዓመት ከሄደ ለቀሩት የሚመለስ ተብሎ ይጻፍ።
• የውሳኔ ወሰን። መሥራቾቹ ብቻቸውን የሚወስኑት፣ እርስዎን አማክረው የሚወስኑት፣ ያለ ፊርማዎ የማይሆነው ተለይቶ ይቀመጥ። በሦስተኛው ዝርዝር ውስጥ ብድር መውሰድ፣ ማሽን መሸጥ፣ አዲስ ባለድርሻ ማስገባትና የመሥራቾች ደመወዝ ቢገቡ ይበቃል።
• የመረጃ መብት፦ የባንክ መግለጫ፣ የሒሳብ መዝገብ፣ የተመልካቹ ጉብኝት።
• አለመግባባት ሲፈጠር ማን እንደሚያስታርቅ፣ በስም።

በጽሑፍ የሚደረግ ውል የተዋዋዮቹና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይኑረው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከግማሽ በላይ ድርሻ በመጠየቅ ነው። ከሩቅ ሆነው ድርጅቱን ማስተዳደር አይችሉም፤ በየቀኑ የሚለፋውን ልጅ ተቀጣሪ ካደረጉት ደግሞ የተሻለ ደመወዝ ባገኘ ቀን ይሄዳል። የሚመጣ ሌላ ባለሀብትም መሥራቾቹ ትንሽ የያዙበትን ድርጅት አይፈልግም።

ማስጠንቀቂያ፦ ድርሻውን በወንድምዎ ወይም በእህትዎ ስም «ለጊዜው» አያስይዙ። በሕግ ባለድርሻው ስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። እርሱ ቢሞት ወራሾቹ፣ ቢፋታ የትዳር ጓደኛው፣ ቢበደር አበዳሪው ይመጡበታል።

ማስጠንቀቂያ፦ የአገር ልጆችን በአንድ የቴሌግራም ቡድን ሰብስቦ «ድርሻ ግዙ» ማለት አይቻልም። የግል ማኅበር ድርሻውን ለሕዝብ አያቀርብም፤ ለሕዝብ የሚቀርብ ሽያጭ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን ፈቃድ ይፈልጋል።

ደረጃ 6፦ ገንዘቡን ከፋፍለው ይላኩ

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይላኩ። ሦስት ቦታ ይክፈሉት፤ እያንዳንዱን ክፍል በሚታይ ሥራ ያስሩት። ለወተት ድርጅቱ ለምሳሌ የመጀመሪያው ክፍል ለማቀዝቀዣና ለመመርመሪያ ዕቃ፣ ሁለተኛው የብቃት ማረጋገጫው ወጥቶ በየቀኑ የሚገዙ አሥር ሱቆች ሲገኙ፣ ሦስተኛው ከአንድ ጾም በኋላ። ሁኔታው «ጥሩ ከሠራችሁ» መባል የለበትም፤ ተመልካቹ ሄዶ አለ ወይም የለም ሊለው የሚችል ነገር ይሁን። ጥቅሙ ለሁለት ወገን ነው። እርስዎ ስህተቱን በሲሶው ገንዘብ ያውቁታል፤ መሥራቹም ብዙ ገንዘብ ባንክ አለ ብሎ ሰፊ ቤት ከመከራየት ይድናል።

ገንዘቡ የሚገባው በድርጅቱ ስም ወዳለ ሒሳብ ብቻ ነው። ከተወሰነ መጠን በላይ ሲወጣ ጣምራ ፊርማ ይሁን፤ ሁለተኛው ፈራሚ እርስዎ ሳይሆኑ እዚያው ያለ ሰው ይሁን፤ አለበለዚያ በአንድ ቼክ ምክንያት ሥራው ይቆማል። ከውጭ የሚልኩ ከሆነ በባንክ በኩል ያስገቡና የባንኩን የምንዛሬ ማረጋገጫ ያኑሩ፤ ያስገቡት ካፒታል መሆኑን የሚያስረዳልዎት እርሱ ነው።

ማሽን በብድር የሚገዙላቸው ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት የሚንቀሳቀስ ንብረትን በዋስትና ማስመዝገብ ይቻላል። ይህ ካልሆነ ሌላ አበዳሪ በዚያው ማሽን ላይ ሊቀድምዎት ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ የባንክም ሆነ የቴሌብር ደረሰኝ ፎቶ ማስረጃ አይደለም፤ በስልክ ላይ ሊቀየር ይችላል። በማጣቀሻ ቁጥሩ ከራሱ ከባንኩ ያረጋግጡ ወይም በወሩ መጨረሻ ከሒሳብ መግለጫው ጋር ያስተያዩት።

ደረጃ 7፦ በየሳምንቱ አንድ አጭር መልእክት

ወጣት መሥራቾች የሃያ ገጽ ሪፖርት ሲጠየቁ አንድ ጊዜ ልከው ይተዉታል። የሚጸናው አጭሩ ነው። በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን ስድስት ነገር በጽሑፍ መልእክት ይላክ፦

«ጥር 3ኛ ሳምንት፦ ገቢ 14,200። ወጪ 21,500። ባንክ 188,000። ዱቤ 27,400። ዕዳ 15,000። ችግር፦ ማቀዝቀዣ 2 ቀን ቆሟል።»

ዱቤ ማለት እነርሱ ሰጥተው ያልተከፈላቸው፣ ዕዳ ማለት ወስደው ያልከፈሉት ነው። ከቁጥሮቹ ሁሉ ዱቤውን በጥንቃቄ ይከታተሉ። ሆቴሎችና ሱቆች «ወር ሲሞላ» እያሉ ይወስዳሉ፤ ሽያጩ ሲያድግ ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል፤ ገንዘቡ ግን መንገድ ላይ ነው። ገቢው ባለበት ቆሞ ዱቤው ሦስት ሳምንት በተከታታይ ካደገ ድርጅቱ ዕቃ እያደለ ነው። በዚያ ሳምንት ስለ ማስታወቂያና ስለ አዲስ ምርት አይነጋገሩ፤ ስለ መሰብሰብ ብቻ ይነጋገሩ።

መልእክቱ የቀረበት ሳምንት ራሱ ምልክት ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈ አይቆጡ፤ ይደውሉ፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተመልካቹን ይላኩ።

ደረጃ 8፦ ምክሩን በጥያቄ ይስጡ

በወር ሁለት ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ የስልክ ንግግር ይበቃል። ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፉት፤ «በ4» ሲባል አንዱ ጠዋት ሌላው ከሰዓት በኋላ እንዳይረዳው። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የእናንተ ሰዓት በዓመት ሁለቴ እንደሚቀየር፣ የኢትዮጵያ እንደማይቀየር አስታውሱ። በዋሽንግተን ጠዋት 3 ሰዓት በበጋቸው ለጎጃም ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው 11 ይሆናል። የከተማውን የገበያ ቀንም ያስቀሩ፤ ነጋዴ በገበያ ቀን ስልክ ላይ መቀመጥ የለበትም።

ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ነው። ገንዘብ ለሰጠ ታላቅ ክፉ ወሬ መንገር ነውር ይመስላል፤ «እንዴት ነው ሥራው?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው ጋሼ» ይላሉ፤ ንግግሩም እዚያ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ከሰላምታ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄዎ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፦ «በእነዚህ ሁለት ሳምንታት የከፋው ነገር ምንድን ነው?» ሁልጊዜ ከተጠየቀ መመለሱ ነውርነቱ ይቀራል። ክፉ ወሬ የነገረዎትንም በዚያው ቀን አይገሥጹት፤ አንድ ጊዜ ከገሠጹ ቀጣዩ ችግር ይደበቅዎታል።

ከዚያ ትእዛዝ ከመስጠት ይልቅ ይጠይቁ። «ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ክፈቱ» ከማለት «ባሕር ዳር ለመድረስ አንድ ጉዞ ስንት ያስወጣል? ስንት ሊትር ቢጫን ይመልሳል?» ይበሉ። መልሱን እነርሱ ካሰሉት ውሳኔው የእነርሱ ይሆናል፤ ሳይሳካ ቢቀር እንኳ ምን እንደተሳሳተ ያውቃሉ። እርስዎ ካዘዙ ግን ከሩቅ የማይታየውን የመንገዱን ነገር እያወቁ እንኳ «ጋሼ ስላለ» ብለው ይሠሩታል።

ከሩቅ ያለ ሰው በእውነት የሚጠቅመው እዚያ የሌለውን ሲሰጥ ነው፦ አዲስ አበባ ያለ የጅምላ ገዢ ማስተዋወቅ፣ የማሽን አቅራቢን ዋጋ ማወዳደር፣ የውል ጽሑፍ ማንበብ፣ ተመሳሳይ ሥራ የሠራ ሰውን በስልክ ማገናኘት። በንግግሩ መጨረሻ ላይ ከሁለት ያልበለጡ የሚሠሩ ነገሮችን ከነቀናቸው ይጻፉ፤ አንዱ የእርስዎ ይሁን።

ደረጃ 9፦ መንገድና ኔትወርክ ሲዘጋ

ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበረና መንገድም በየጊዜው እንደሚዘጋ ጎጃም ውስጥ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ዕቅዱ ውስጥ ይግባ። የሳምንቱ መልእክት በተራ የጽሑፍ መልእክት እንዲሆን ያልኩት ለዚህ ነው። መልእክትም ካልሠራ በእጅ መዝገብ ላይ በየሳምንቱ ተጽፎ መንገድ ሲከፈት ይላክ።

እርስዎን ማግኘት ካልተቻለ መሥራቾቹ እስከ ስንት ብር ድረስ ብቻቸውን መወሰን እንደሚችሉ አስቀድመው ይጻፉላቸው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተመልካቹን አማክረው ይወስኑ። ለአንድ ወር ደመወዝና ኪራይ የሚበቃ መጠባበቂያ በዚያው ከተማ ባለ ቅርንጫፍ ይኑር። የሚበላሽ ምርት ያለው ድርጅት ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቀን በከተማው ውስጥ ብቻ የሚሸጠውን መጠን ይወቅ፤ ከዚያ በላይ በዚያ ሳምንት አይግዛ። ሰው በአደገኛ መንገድ ለሪፖርት ብሎ እንዳይጓዝ በግልጽ ይንገሯቸው፤ የተመልካቹም ጉብኝት ይቅር።

ደረጃ 10፦ መውጫውን ይወስኑ

ድርሻዎ ወደ ገንዘብ የሚመለሰው በሦስት መንገድ ነው፦ በየዓመቱ በትርፍ ክፍፍል፣ መሥራቾቹ መልሰው ሲገዙ፣ ወይም ሌላ ባለሀብት ሲገዛ። በጎጃም ለሚሠራ መካከለኛ ድርጅት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበልጥ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። መልሰው የሚገዙበትን የዋጋ ስሌት ከወዲሁ ይጻፉ፤ ለምሳሌ የሦስት ዓመት አማካይ ትርፍ በስንት ተባዝቶ እንደሚታሰብ።

ድርጅቱ ካልተሳካ ደግሞ መዝጊያውም ሥራ ነው። የገንዘቡ ዕድሜ ሁለት ወር ሲቀረው ቁጭ ብላችሁ ወስኑ፤ ለሠራተኛ የመጨረሻ ደመወዝ፣ ለገበሬው የወተት ዋጋና ለግብር የሚሆን ሳይነካ ይቀመጥ። ከዚያ ሒሳቡ ተዘግቶ፣ የግብር ክሊራንስ ተወስዶ፣ የንግድ ፈቃዱ ይመለስ። በሩን ቆልፎ መሄድ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው፤ ያልተመለሰ ፈቃድ ላይ ግብርና ቅጣት እየተቆጠረ ይሄዳል፤ ልጆቹም በሌላ ጊዜ አዲስ ፈቃድ ሊያወጡ ሲሄዱ የቀድሞው ዕዳ መስኮቱ ላይ ይጠብቃቸዋል።